የአህያ ጆሮን ሊይዙ የወጡ ዕለት

ግምጃ ቤት ገበያ በርበሬ እየሰፈርኩ ሳለ ነው የያዙኝ። ከያዙኝ የአገሩ ታጣቂዎች፣ ከነጭ ለባሾቹ፣ አንዱ የማውቀው ሰው ነበር። የልጆቼን ጤና ጠየቀኝ፤ የበቅሎዬን ጤና ጠየቀኝ፤ ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላ አዙሮ በጠፍር አሰረኝ። ፊቴ ላይ የነበረው የበርበሬ ብናኝ ከላቤ ጋር እየወረደ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። እስከ ቆሰበር ከተማ ድረስ እንባዬን እያፈሰስኩ ሄድኩ። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ቦቅቧቃ ነው» ሳይለኝ አልቀረም።

ወንጀሌ ከገበያ ገበያ ወሬ ማመላለስ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አመላልሻለሁ። ያን ዓመት አዲስ የእርሻ ግብር ሊጣል ነው፣ ርስቱ ሊለካ ነው እየተባለ አገሩ ይታመስ ነበር። ዳንግላ የሰማሁትን ግምጃ ቤት እነግራለሁ፤ ግምጃ ቤት የሰማሁትን ቆሰበር። ወሬ የሌለውን ነጋዴ ማን ይጠጋዋል? እነሱ ግን አድማ አሉት።

ያስገቡኝ ቤት ለእስረኛ የተሠራ አልነበረም። የአንድ ነጋዴ የድንች ማከማቻ ነበር። ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ በጭቃ ተመርጓል፤ ጭቃው በረገፈበት በኩል ብርዱም ብርሃኑም አብረው ይገባሉ። የበሰበሰ ድንች ሽታ ከእስረኛ ሽንት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወለሉ ጥቁር እርጥብ አፈር ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የተዘረጉ ሁለት እግሮች ነው፤ ከዚያ ጋቢ፣ ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ፊት። ዘበኛው የእግር ብረቱን አንድ ቀለበት ለእኔ፣ አንዱን ለሽማግሌው አስገባና «በሉ፣ አጋባኋችሁ» አለን። ቀልዱ እኔን አላሳቀኝም፤ እሱን ግን በጣም አሳቀው።

እናቴ አገው ናት፤ አባቴ ከቡሬ በኩል የመጣ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ እናገራለሁ። ሽማግሌው አዊኛ እንጂ አማርኛ እንደማይችሉ ከፊታቸው ገባኝና በእናቴ ቋንቋ «እንደምን ዋሉ፣ አያ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የእናቴን አጎት ያውቁት ነበር።

«እርስዎስ ምን አድርገው ነው የታሰሩት?» አልኳቸው።

«ዝም ስላልኩ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው የጥርባ ሰው ናቸው፤ ቁስል አዳኝ። መድኃኒታቸው ከጥርባ ሐይቅ በላይ ካለው ተረተር የሚነቀል አንድ ተክል ነው። እሱን ሊነቅል የወጣ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳል፤ በግራ እጁ ይነቅላል፤ ቁስሉ ላይ እስኪያስር ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። እናቱ ብትጠራው እንኳ አይመልስም። ተናገረ ማለት መድኃኒቱ እዚያው እጁ ላይ ሞተ ማለት ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ መሬት ለኪዎቹ ከተረተሩ ላይ ተክለዋቸው የነበሩት ችካሎች ተነቅለው አድረዋል። ፖሊሶቹ አድፍጠው ሲጠብቁ ሽማግሌው እጃቸው በአፈር ተለውሶ፣ መቆፈሪያቸውን ይዘው፣ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ።

«እንደምን አደርክ አሉኝ፤ ዝም አልኩ። ማነህ አሉኝ፤ ዝም አልኩ። ስምህን ተናገር አሉኝ። ቤቴ እኮ ይታየኝ ነበር፤ ያችን ዳገት ብቻ ብወጣ ኖሮ ሁሉንም እመልስላቸው ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጨለመ። «እግሩ የበሰበሰ ጎረቤት አለኝ። ለእሱ ነበር የያዝኩት። ከእጄ ቀምተው ጣሉት።»

ስለራሳቸው አንድም ነገር አላነሱም። የሚያስቡት ስለ ጎረቤታቸው እግር ነበር። እኔ ስለ በርበሬዬ፣ ስለ በቅሎዬ፣ ማን ያበላታል እያልኩ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን፤ አንድ ብረት ላይ ስለሆንን አንዱን ለብቻው መጥራት አይቻልም። የፖሊሶቹ አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ ከሩቅ አገር የተላከ ሰው ነበር። የቆሰበር ብርድ አልተስማማውም። ያስለዋል፤ በመሐረቡ አፉን ይጠርጋል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። አዊኛ የሚችል ሰው ስላልነበረው እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ።

«በለው» አለኝ። «ችካሉን ማን አስነቀለህ በለው። ቅርንጫፉን አልፈልግም፤ የዚህ አድማ ሥሩ የት ነው?» ብሎ ሳል ያዘው።

አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ቀና አሉ። አማርኛ አይችሉም ብያለሁ፤ ግን አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኞችም ይመጡባቸው ስለነበር ለሥራቸው የሚሆኑ ጥቂት ቃላት ያውቁ ነበር። ቁስል ያውቃሉ፤ ሳል ያውቃሉ፤ ቅጠልና ሥር ያውቃሉ።

«ሥር?» አሉ በአማርኛ። «ሥር ጥርባ ነው። ሐይቅ በላይ።»

መቶ አለቃው ሳሉን አቆመ። ሳያስበው ያገኘ ሰው ሆነ። ድምፁን አለዝቦ ጠጋ አላቸው።

«ጥርባ! እሺ። ምን ይመስላል?»

«ረዥም። ብቻውን ይቆማል» አሉ ሽማግሌው፤ ባላቸው ቃል ሁሉ እየታገሉ። «ራሱ ቢጫ። ገላው ጋቢ። ለስላሳ ጋቢ።»

«ስሙ ማነው?»

«ስም አይነገርም። ከተነገረ ይሞታል።»

ያኔ ገባኝ። ያ ተክል ዓይኔ ላይ መጣ። በየመንገዱ ዳር ብቻውን ዘንግ መስሎ የሚቆመው፣ ቅጠሉ እንደ ጋቢ የሚለሰልሰው፣ ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ የሚደረድረው ነው። «ጌታዬ፣ ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ መድኃኒት ነው የሚነግሩዎት፤ ሥር ሲባል የቅጠል ሥር...» ብዬ ሳልጨርስ በጥፊ አጮለኝ።

«ተርጉም ተባልክ እንጂ ጠበቃ ቁም ተባልክ?» አለኝ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ብቻውን የሚኖር፣ ቢጫ የለበሰ፣ ስሙን የደበቀ! ባሕታዊ ነው! ወይባ ያጠለቀ ባሕታዊ ነው ሕዝቡን የሚያነሳሳብኝ። አሥር አለቃ! ሰው ይዘህ ጥርባ ሂድ። እንዳያመልጥህ።»

ግቢው ጥግ ላይ ዘበኛው ቆሞ ነበር። ያ ያጋባን ሰው። የጎጃም ገጠር ልጅ ነው፤ የተባለው ምን እንደሆነ አውቋል። አፉን ሊከፍት አለና ዘጋው። መቶ አለቃውን ማረም የሱ ሥራ አይደለም።

ክፍላችን ስንመለስ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ነበር። «ደረቱን ታሟል» አሉኝ። «አየኸው፣ ሲያስለው? ለዚህ ነው ሥሩን አጥብቆ የጠየቀኝ። ቅጠሉ ለቁስል ነው፤ ሥሩ ግን ተቀቅሎ ሲጠጣ ለሳል፣ ለሆድ ቁርጠትም ይሆናል። ምነው ራሴን በላከኝ! እነዚያ ልጆች በቀትር ሄደው፣ እያወሩ ነቅለው ምን ያደርግለታል?»

እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። በመጨረሻ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ብረቱ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ። «ባሕታዊ አደረገው?» አሉ። «እሱስ ባሕታዊ ነው። ከማንም ጋር አይበቅልም።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመና «ሲመለሱ ግን ይገድለኛል» አሉ።

እነ አሥር አለቃ የተመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የመሣሪያቸው ድምፅ፣ የጫማቸው ድምፅ፣ ከዚያ የመቶ አለቃው «የት አለ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። በቀርከሃው ክፍተት አየሁ። አሥር አለቃው በእቅፉ ሙሉ የያዘውን ግቢው መሐል ወረወረው። ሥሩ አፈር እንደያዘ፣ ቅጠሉ ሰፊና ግራጫ፣ አበባው ቢጫ።

«የጥርባ ሰው ሁሉ ያሳየን ይህንን ነው» አለ። «ረዥም፣ ራሱ ቢጫ፣ ጋቢ የለበሰ ስንላቸው ሴቶቹ ሳይቀሩ እየሳቁ ወደ ተረተሩ ጠቆሙን።»

መቶ አለቃው አንዱን በጫማው ጫፍ አገላበጠ። «ምንድነው ይሄ?»

ዘበኛው ቀኑን ሙሉ አፍኖት ነበር፤ አልቻለም። «የአህያ ጆሮ እኮ ነው፣ ጌታዬ!» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያን ሁሉ መሣሪያ ይዘው የአህያ ጆሮ ሊማርኩ ሄደው ተመለሱ። አንዱ ሆዱን ይዞ አጥር ተደገፈ። መቶ አለቃውም ሳቀ። ከልቡ የሳቀ ነው የመሰለው። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ዝም እስኪሉ ጠበቀ። የመጨረሻው ሳቅ ሲያልቅ ወደኛ በር እያየ ነበር።

አወጡን። የሰዉ ፊት አሁን ሌላ ሆኗል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትምሰው በለው» አለኝ።

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። መድኃኒት የሚነቀለው በግራ እንደሆነ ትናንት ነግረውኛል። እኔ ምንም አላልኩም።

እጃቸውን ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አንዱ ፖሊስ ክንዳቸውን ረገጠ፤ ሌላው ጠመንጃውን ሰደፉን ወደ ታች አድርጎ ያዘ። ብረታችን አጭር ስለነበር እኔም አጠገባቸው መንበርከክ ግድ ሆነብኝ።

«የአህያ ጆሮ አትበለኝ» አለ መቶ አለቃው። «እሱን አወቅን። አንተ የምትጠራበትን ስም ተናገር። ከተነገረ ይሞታል ብለኸኝ የለ? እስቲ ሲሞት እንየው።»

ስሙ ለምን ይፈልገዋል? ለምንም። ሰዎቹ ፊት ተስቆበታል፤ ከሽማግሌው አንድ ነገር አስወጥቶ መሄድ አለበት። ይኸው ነው። ጠላሁት። ብዙ ሰው ጠልቼ ይቅር ብያለሁ፤ እሱን ግን ዛሬም እንደጠላሁት ነው።

በአዊኛ «ስሙን ይበሉ» አልኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰደፉ ወረደ። ድምፁን አልጽፈውም።

«ስሙን በል በለው።»

«ስሙን ይበሉ፣ አያ» አልኳቸው፤ ከራሴም ጨመርኩበት። «ስለ እግዚአብሔር፣ የውሸት ስምም ቢሆን ይስጡት። የአገው ቋንቋ አያውቅም። የድመት ስም ቢሰጡት ይበቃዋል።»

ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። «አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «አሁን ተክሉ የታሰረላቸው ቁስለኞች አሉኝ። እዚህ ቦታ ላይ ስሙን ከጠራሁት ቁስላቸው ይከፈትባቸዋል። በውሸት ስም ከጠራሁትም ይቀየመኛል።»

«ምን አለ?» አለ መቶ አለቃው።

«አላውቅም ይላሉ» አልኩ።

እንደገና ወረደ። እንደገና ተረጎምኩ። ያንኑ ሁለት ቃል፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። እናቴ ያን ቋንቋ ያስተማረችኝ ለዚህ አልነበረም። ሽማግሌው በመጨረሻ ድምፅ ማውጣት አቁመው ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። መቶ አለቃው ሳሉ ተነሳበት፤ እያሳለ «አስገቧቸው» አለና ሄደ።

ሊጨልም ሲል ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ አንድ ነገር ወረወረብን። ከተክሎቹ አንዱ ነው፤ ሥሩ እንዳለ። «ይኸው፣ ባሕታዊው ይጎብኛችሁ» አለና ዘጋው። ለፌዝ ይሁን ለደግነት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት እሱም አያውቀውም።

የሽማግሌው ቀኝ እጅ እጅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ጣቶቹ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አይለይም። ቅጠሉን አንስቼ ላስርላቸው ብል በግራቸው ያዙኝ።

«አይሆንም» አሉ። «እየሳቁ፣ እየተሳደቡ የነቀሉት ነው። ገለባ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ትንሽ አሰቡ። «እንትከለው» አሉ።

ያመማቸው ሕመም አእምሯቸውን የነካው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወለሉን በተረከዛቸው መቱ። አፈር ነው። ከሥሩ ጋር የመጣውም አፈር የጥርባ አፈር ነው። ጭቃው በረገፈበት ጥግ፣ ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ በውኃ መጠጫችን ስባሪ እየጫርኩ ጉድጓድ አበጀሁ። ተከልነው። ከምሽት ውኃችን ግማሹን አፈሰስንበት። ተክሉ ጎበጥ ብሎ ቆመ፤ ቢጫ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ።

«ጎህ ሲቀድ አዲስ ነው» አሉኝ። «ያደረበት መሬት የሱ መሬት ነው። ግን ታማሚ ለራሱ አይነቅልም። አንተ ነህ የምትነቅለው።»

እንዴት እንደሚነቀል ነገሩኝ። የቁስለኛው የክርስትና ስም በልብ መያዝ አለበት፤ የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የተክሉን ስም ነገሩኝ። አንድ አጭር ቃል ናት። ትንፋሻቸው ትኩሳት ነበረው።

«ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተላልፉት» አሉኝ። «አባቴ ለኔ፣ እኔ ለልጄ። ልጄ እዚሁ ቆሰበር ባል አግብታ ነው ያለችው። ገና አልነገርኳትም፤ ዕድሜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ካልወጣሁ መድኃኒቱ ከኔ ጋር ይቀራል። አንተ አድርስልኝ። አንተ ተሸካሚ ነህ እንጂ ባለቤት አይደለህም። ስታደርስላት እርሳው።»

«እሺ» አልኳቸው።

ጎህ ሲቀድ ነቀልኩት። በግራ እጄ፣ ስማቸውን በልቤ፣ ስሙን በልቤ ይዤ። ሥሩ አፈሩን ለቅቆ ሲመጣ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ቅጠሉን በጥርሴ ማላመጥ እንደጀመርኩ በሩ ተበረገደ። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት አይከፈትም። መቶ አለቃው ራሱ ነው፤ ከኋላው ዘበኛውና አንድ ፖሊስ። ውጭ የመኪና ሞተር ይጮሃል። ሽማግሌውን ወደ ዳንግላ ሊወስዷቸው ነው የመጡት።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ የሳቸውን ቀለበት ፈታ። መቶ አለቃው አፌ ሲንቀሳቀስ አየኝ።

«ሌሊቱን ሲያንሾካሹክ ነው ያደረው አሉኝ። ምን ነገረህ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«አንተን ነው! ምን ነገረህ?»

ያላመጥኩትን ቅጠል ወደ መዳፌ አወጣሁ። አረንጓዴ፣ መራራ፣ ሞቃት። የሽማግሌውን እጅ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። መናገር ቀላል ነበር። «ምንም አልነገሩኝም፣ ጌታዬ» ማለት ብቻ ነበር፤ ይበቃ ነበር። ግን ያችን ካልኩ እጄ ላይ ያለው ገለባ ነው።

«ስምህ ማነው?» ብሎ ጮኸ። «ስምህን ተናገር!»

የያዘው የጉማሬ አለንጋ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ጉማሬ ቀምሶ የማያውቅ ሰው የሚያቃጥል ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚያቃጥል አይደለም፤ ትንፋሽ ነው የሚወስደው። ቅጠሉን ቁስሉ ላይ አነጠፍኩ። ሁለተኛው አረፈ። ከነጠላዬ ጠርዝ ቀደድኩ። ሽማግሌው እኔን ሳይሆን እጄን እያዩ ነበር፤ አንድ ስህተት እንዳልሠራ እንደሚጠብቅ መምህር። ጠቀለልኩ። ዘበኛው ቁልፉን በእጁ ይዞ እንደጎነበሰ ቀረ፤ ቀና ማለት ፈራ። ጀርባዬ ላይ የሚሆነውን ትቼ ጨርቁን ቋጠርኩ። አንድ ጊዜ። ደግሜ።

«አሁን ተናገር» አሉኝ ሽማግሌው በአዊኛ።

ወደ መቶ አለቃው ዞርኩና ስሜን ነገርኩት። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። እየተረጋጋሁ፣ ጠይቆኝ እንደነበረው። ጉማሬው አየር ላይ ቆመ። ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። አሳለውና መሬት ላይ ተፋ።

ሽማግሌውን በሁለት ሰው ደግፈው አወጧቸው። በሩ ላይ ዞር አሉ። የታሰረውን እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉልኝ። መኪናው ሄደ። ከዳንግላ ወዲያ የት እንዳደረሷቸው የነገረኝ የለም።

እኔን የለቀቁኝ በቅሎዬ ከተሸጠች በኋላ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ልጃቸው ቤት ነበር። ከቆሰበር ገበያ ጀርባ ነው የምትኖረው። ነፍሰ ጡር ነበረች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አልጮኸችም፤ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። አባቷ ሞቱ የሚል ወሬ ሰምታለች፤ ሬሳ ግን አላየችም።

«ሲወስዷቸው እጃቸውን አስረዋቸው ነበር?» አለችኝ በአማርኛ። የከተማ ሰው ሆናለች።

«ታስሮ ነበር» አልኳት። «ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ቀኝ እጃቸውን እንደዘረጉ ስነግራት ብቻ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ጆሮዋን ሰጠችኝና ያችን ቃል አደረስኩላት። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ደጋግማ ስትላት አየሁ። ኋላ ቁስል በማዳን በአገሩ የታወቀች ሆነች፤ የሷ ሕመምተኛ ሆኜ የሄድኩበት ጊዜም አለ።

አሁን አርጅቻለሁ። ከቆሰበር ወደ ጥርባ የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ባጃጁ ይርመሰመሳል። ዳሩን ይዞ ያ ተክል እንደ ድሮው ብቻውን ይቆማል። አቧራ ጠግቦ፣ ራሱ ቢጫ ሆኖ። ልጆች ምንድነው ሲሉኝ «የአህያ ጆሮ ነው» እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም።

ማስታወሴ ደክሟል። የልጅ ልጆቼን አንዱን በአንዱ ስም እየጠራሁ አስቃቸዋለሁ። የዚያን በጠፍር ያሰረኝን ሰው ስም ረሳሁ። የዘበኛውንም ረሳሁ። የመቶ አለቃውን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ፈርቼ የሚመስለው ይኖራል፤ እውነቱን ልናገር፣ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ሽማግሌው የተክሉን ስም ስታደርስ እርሳው ብለውኝ ነበር። እሱን ብቻ ነው መርሳት ያቃተኝ።